የሐሙራቢ ጎተራ

እናቴ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ የቆሎ ስንዴ ትለቅማለች። የእህቴ ልጅ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፔን ጉልበቷ ላይ አሳርፋለች። ስክሪኑ ላይ ሥዕል የለም፣ ድምፅም የለም፤ ጥቁር መደብ ላይ ጥቂት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው። እያነበበች ለአያቷ ትተረጉምላታለች።

«እማማ፣ እኔ ንጉሥ ሆኛለሁ። 100 ሰው አለኝ። 1000 ኤከር መሬት አለኝ። ጎተራዬ ውስጥ 2800 ቡሽል እህል አለ። 200 ቡሽል ደግሞ አይጥ በልቶብኛል።»

«አይጥ የማይገባበት ጎተራ የለም» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ሰዎችሽንስ ምን ታበያቸዋለሽ?»

ጨዋታው «ሐሙራቢ» ይባላል። ብራውዘር ከፍቶ ወዲያው መጫወት ይቻላል፤ የሚጫን ነገር የለውም፣ ቀርፋፋ ኔትወርክም አይከብደውም። ተጫዋቹ የአንዲት ጥንታዊ የሱመር ከተማ ገዥ ይሆንና 10 ዓመት ያስተዳድራል። (ሐሙራቢ የባቢሎን ንጉሥ ነበር እንጂ ሱመራዊ አልነበረም፤ ጨዋታው ግን በዚህ ስም ጸንቷል።) በየዓመቱ የሚጠየቀው አራት ነገር ነው፦ ስንት ኤከር ትገዛለህ? ካልገዛህ ስንት ትሸጣለህ? ለሕዝብህ ስንት ቡሽል ታከፋፍላለህ? ስንት ኤከር ትዘራለህ? መልሱ ቁጥር ነው። ከዚያ የዓመቱ ሪፖርት ይመጣል።

በልጅቷ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ኤከር 19 ቡሽል ያወጣ ነበር። ልጅቷ መሬት መጨመር ምንጊዜም ደግ ነገር መስሏት 40 ኤከር ገዛች። 760 ቡሽል ሄደ። ለአንድ ሰው በዓመት 20 ቡሽል ያስፈልጋልና ለሕዝቧ 2000 ሰፈረች። እጇ ላይ 40 ቡሽል ቀረ። አንድ ኤከር ግማሽ ቡሽል ዘር ስለሚፈልግ በዚህ የተዘራው 80 ኤከር ብቻ ነው። የቀረው 960 ኤከር ጦሙን አደረ።

ሪፖርቱ መጣ። በረሃብ የሞተ የለም። 7 ሰዎች ወደ ከተማዋ ገብተዋል። ጎተራው ባዶ ስለነበር አይጥ እንኳ ምንም አላገኘም። ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች አነበበች። 240 ቡሽል። 107 ሰው።

እናቴ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው። «ዘሩን ምን አደረግሽው?»

ኮምፒውተሩ ስንት ኤከር እንደምትሸጥ ሲጠይቃት ልጅቷ ዜሮ ጻፈች። ያላትን 240 ቡሽል አከፋፈለች፤ ለ12 ሰው በቃ። 95ቱ ሞቱ። ጨዋታው በአንድ ዓመት ከሕዝቡ ከ45 በመቶ በላይ የጨረሰ ገዥን አይታገሥም፤ አዋርዶ ከዙፋኑ አወረዳት። ለምን መሬቱን ሸጠሽ እህል አልገዛሽበትም ብዬ ስጠይቃት ግራ ገብቷት አየችኝ።

«መሬት ይሸጣል እንዴ፣ ጋሼ?»

ያደገችበት አገር መልስ ነው የሰጠችኝ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ደግሞ ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ጨዋታውን የጻፉት ሰዎች ግን መሬት እንደ በግ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥበት አገር ልጆች ናቸው። ንጉሡ ሲቸግረው ኤከር ቆርሶ ይሸጣል፤ ለማን እንደሚሸጠው አይጠየቅም፣ መሬቱ ላይ ማን እንደሚኖር አይጠየቅም። ሐሙራቢን በቁም ነገር ማየት የጀመርኩት ከዚህች ጥያቄ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሕፃን አዋቂውን የሚይዘው በሒሳቡ ነው። ሒሳቡ ግን ከአንድ ሰው ሐሳብ የወጣ ነው፤ ምን እንደሚቆጠርና ምን ሳይቆጠር እንደሚታለፍ የወሰነ ሰው አለ።

ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ጠንቃቃ ሆነች። መሬት አልገዛችም። 2000 ለምግብ፣ 495 ለዘር ሰጥታ 305 ቡሽል ተረፋት። አንድ ሰው ማረስ የሚችለው እስከ 10 ኤከር ስለሆነ የሰው እጥረትም አልነበረባትም። ዓመቱ ግን ክፉ ሆነና በኤከር 2 ቡሽል ብቻ ተገኘ። ምርት በዚህ ጨዋታ ከ1 እስከ 5 ቡሽል በዕጣ ነው የሚወጣው፤ ዕጣውን ማንም አያየውም። አይጥ 76 ቡሽል ወሰደ። ጎተራው ውስጥ 2209 ቡሽል ቀረ። 9 ሰዎች ተጨመሩ። አሁን 109 ሰው ለመመገብ 2180 ያስፈልጋል፤ ለዘር የሚተርፈው 29 ነው።

«እኔ እኮ ምንም አላጠፋሁም» አለች።

እውነቷን ነው። የጨዋታው ጉልበትም እዚህ ላይ ነው። ወደ ከተማዋ የሚገባው ሰው ብዛት በዕጣ ብቻ አይወሰንም፤ ለነፍስ ወከፍ በሚደርሰው መሬትና እህል ልክ ከፍ ይላል። ከተማዋ በጠገበች ቁጥር ሰው ይመጣባታል፤ ሰው በመጣ ቁጥር ጥጋቧ ይሳሳል። ተርፎኛል ብሎ የሚዝናና ገዥ በሁለት ዓመት ውስጥ ትርፉ ራሱ አፍ ሆኖ ይመጣበታል። የእህቴ ልጅ ይህንን ማንም ሳያስረዳት ደረሰችበት። 20 ኤከር በ25 ቡሽል ሒሳብ ሸጠች፣ 980 ኤከር ዘራች፣ ማንም አልሞተባትም። መሬት ሲረክስ መግዛት፣ ሲወደድ መሸጥ የሚለውንም በአራተኛው ዓመት አወቀችው፤ ዋጋው በየዓመቱ ከ17 እስከ 26 ባለው መሃል እንደሚዋልል በወረቀት እየጻፈች ተከታትላ ነበር። የዮሴፍን ታሪክ ከሰንበት ትምህርት ቤት ታውቀዋለች፤ ሰባቱን የጥጋብ ዓመት ለሰባቱ የረሃብ ዓመት ማስቀመጥ አዲስ ነገር አልሆነባትም። ዮሴፍ ግን የንጉሡን ሕልም ፈትቶ ነው ያወቀው። እሷ የያዘችው ዕጣ ብቻ ነው።

በስድስተኛው ዓመት ቸነፈር ገባ። ጨዋታው በየዓመቱ ከመቶ 15 ዕድል ሰጥቶ ቸነፈር ያመጣል፤ ሲመጣ የሕዝቡን እኩሌታ ይወስዳል። ልጅቷ ጎተራውን አየችና ፊቷ ፈካ፤ እህሉ አሁን ለሁለት ዓመት ይበቃል። ከዚያ ምን እንዳስደሰታት ሲገባት እንደ መደንገጥ ብላ ወደ አያቷ ዞረች። እናቴ ምንም አላለችም። እኔም ዝም አልኩ።

የዚህን ጨዋታ መነሻ የነደፉት አንዲት መምህርት ናቸው። ሜብል አዲስ ይባላሉ፤ ስማቸው ለእኛ ጆሮ የአገር ልጅ ያስመስላቸዋል እንጂ አሜሪካዊት ነበሩ። በኒውዮርክ ግዛት ካቶና በምትባል ከተማ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የዌስትቸስተር የትምህርት ጽሕፈት ቤትና አይቢኤም ኩባንያ ኮምፒውተር ልጆችን ምን ሊያስተምር እንደሚችል አብረው ሲሞክሩ፣ ስለ ጥንታዊት ሱመር ጨዋታ የመጻፉ ሥራ ለእሳቸው ደረሰ። ኮዱን የጻፉት ዊሊያም ማኬይ የተባሉ ፕሮግራመር ናቸው። በ1964 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ተቀምጠው ተጫወቱት።

ተቀምጠው የተጫወቱበት ነገር ስክሪን አልነበረም። ጽሕፈት መኪና የሚመስል መሣሪያ ነው፤ ልጁ ቁጥር ሲጽፍበት መልእክቱ በስልክ መስመር ራቅ ወዳለ ግዙፍ ኮምፒውተር ይሄዳል፣ መልሱም ወረቀት ላይ እየታተመ ይመለሳል። ተማሪው የላጋሽ ከተማ ገዥ ሉዱጋ ነው። ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ አማካሪ እየቀረበ ምርቱን ይነግረዋል፤ ለምግብ፣ ለዘርና ለጎተራ ምን ያህል ይሁን ብሎ ይጠይቀዋል። በመጀመሪያው ሉዱጋ ዘመን ጉዳዩ እህል ብቻ ነው። በልጁ ዘመን የእጅ ሥራ ይጨመራል፤ በልጅ ልጁ ዘመን ንግድ ይመጣል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲሻሻል የስላይድ ሥዕልና በቴፕ የተቀዳ ገለጻ ተጨመረበት። ሜብል አዲስ ዛሬ ስማቸው ከሚታወቅ ሴት የቪዲዮ ጨዋታ ፈጣሪዎች ሁሉ የመጀመሪያዋ ተብለው ይጠራሉ። ኮዱ ጠፍቷል፤ የቀረው በወረቀት የታተመ ጥቂት ቅጂ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የመምህርነት ዓይናቸው ነው። እሳቸው እህልን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጡት የ11 ዓመት ልጅ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ማመዛዘን እንዲጀምር ብለው ነው። ሌላው ቀስ ብሎ ይከተል ነበር።

የተከተለው ግን ቀረ። በ1968 ዳግ ዳይመንት የተባሉ ፕሮግራመር የጨዋታውን ወሬ ሰምተው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ በአጭሩ ጻፉት። ዴቪድ አል ደግሞ ያንን ቤዚክ ወደሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ መልሰው፣ መጨረሻው ላይ የገዥውን ሥራ የሚመዝን ፍርድ ጨምረው፣ በ1973 በጨዋታዎች መጽሐፋቸው ውስጥ አሳተሙት። የእጅ ሥራው የለም፣ ንግዱ የለም፣ ልጅና የልጅ ልጅ የለም። 100 ሰው፣ አንድ ጎተራ፣ አንድ ንጉሥ። መጽሐፉ በኋላ ላይ ከሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ኮምፒውተር የነበራቸው የዚያ ዘመን ልጆች ኮዱን መስመር በመስመር በእጃቸው እየገለበጡ ተጫወቱት። የከተማ ግንባታ ጨዋታ የሚባለው ነገር ሁሉ ሥሩን ሲቆፍሩት እዚህ ይደርሳል።

1973። በእኛ አቆጣጠር የ1965 መጨረሻና የ1966 መጀመሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጆች በወረቀት ረሃብ ሲያሰሉ ወሎ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። መንግሥት ሸሸገው። በዚያ ጥቅምት የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። በሚቀጥለው ዓመት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

እናቴ የወሎ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት ደሴ ነበረች፤ ኮረዳነቷን ገና አልጨረሰችም። ስለዚያ ዘመን ብዙ አታወራም። ስታወራ ግን ሁልጊዜ የምትመለስባት አንዲት ነገር አለች፤ የእህቴ ልጅ ሐሙራቢን በተጫወተችበት ቀን «ጎተራው ባዶ ስለሆነ ነው የሞቱት» ስትላት የተናገረችውም ያችኑ ነው።

«ደሴ ገበያ እህል ነበረ፣ የኔ ልጅ። መግዣው ነው የጠፋው። ከገጠር የመጣው ሰው መንገድ ዳር ተደርድሮ እህል የጫነው መኪና በአጠገቡ ያልፋል።»

ልጅ ሳለሁ ይህንን ስሰማ የሐዘን ወሬ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን ከኢኮኖሚ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ሕንዳዊው ምሁር አማርቲያ ሴን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተሙት ሥራ ለኢትዮጵያ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተዋል። በረሃቡ ዓመት የአገሪቱ የምግብ ምርት በጠቅላላው ያን ያህል አልወደቀም ነበር ይላሉ። ወሎ ውስጥ ምርት ወድሟል፤ ደሴ ገበያ ላይ ግን የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህልም ነበር። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ስለሌለው የሚገዛበት የለውም። የማይገዛ ሰው ደግሞ ነጋዴውን አይስበውም፤ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። የአፋሩ አርብቶ አደር ከብቱ ከስቶ ዋጋው ሲወድቅ፣ በአንድ ላም ይገዛው የነበረው እህል እያነሰ እያነሰ ሄደ። የአዋሽ ዳር ግጦሹም ለሰፋፊ እርሻ ተወስዶበት ነበር። ሴን ያሉት እንግዲህ ይህ ነው፤ ረሃብን ለማወቅ አገሩ ስንት እህል አለው ብሎ መቁጠር አይበቃም፣ ማን በምን መንገድ እህሉ ዘንድ ይደርሳል ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሐሙራቢ ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። እህሉ ሁሉ በአንድ ጎተራ ነው፤ ሰፋሪው አንድ ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው። የተሰፈረውን እህል ለ20 ሲያካፍሉት የተረፈው ሰው ቁጥር ይወጣል፤ ያልተረፈው ይሞታል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ግማሽ ጠግቦ ማደር የለም፣ ለጎረቤት ማበደር የለም፣ ከከተማዋ መሰደድም የለም። የ20 ቡሽሉን ነገር ራሱን እንየው። ስንዴ ሲሆን አንድ ቡሽል 27 ኪሎ ግድም ነው፤ ሃያው ከ5 ኩንታል ይበልጣል። በአገራችን በሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር የሚሰፈረው 15 ኪሎ እህል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቢሰጥ እንኳ 180 ኪሎ። ከጨዋታው ሲሶ ማለት ነው። እናቴ ቁጥሩን ስትሰማ «ለአንድ ሰው? ቤተሰቡን ይዞ ነው እንጂ» አለች።

ሐሙራቢን ለማሳጣት አይደለም ይህንን የማነሣው። እወደዋለሁ። ማንኛውም የማመዛዘን ጨዋታ እንዲህ ያለ የተዘጋ ክፍል አለው፤ በጣም የታወቀው «ሲምሲቲ»ም አለው። ፈጣሪው ዊል ራይት በ1984 ለወጣ የሄሊኮፕተር ጦርነት ጨዋታ ደሴቶችን ሲነድፉ፣ ከማፈንዳቱ ይልቅ መንገድና ቤት መትከሉ እንደሚያስደስታቸው አወቁ። ከዚያ የጄይ ፎሬስተርን ሥራ አነበቡ። ፎሬስተር የኤምአይቲ መሐንዲስ ነበሩ፤ በ1969 ከተማን በኮምፒውተር ቀመር አድርገው የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከቀመራቸው የወጣው ድምዳሜ ለድሆች ርካሽ ቤት መሥራት ከተማን ይጎዳል የሚል ነበርና ብዙ ተቃውሞ ገጠማቸው። ቀመሩ ድሃን የቆጠረበት መንገድ ድምዳሜውን አስቀድሞ ይዞት ነበር። «ሲምሲቲ» በ1989 ሲወጣ ተጫዋቹ መኖሪያ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ እያመዛዘነ ከተማ ይሠራል፤ ግብር ሲጨምር ነዋሪ ይሄዳል፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲተክል ወንጀል ይቀንሳል። ለምን እንደሚቀንስ ግን አይታየውም። ተጫዋቾች መንገዱን ሁሉ በባቡር ሐዲድ ከተኩት መጨናነቅ እንደሚጠፋ ደረሱበት፤ ቀመሩ ሐዲድ ላይ ትራፊክ አይቆጥርምና።

ከዚያ በኋላ የመጡት የብራውዘር ከተማ ጨዋታዎች ላይ ብዙ አልቆይም። በ2004 የጀመረው «ትራቪያን» እንጨት፣ ሸክላ፣ ብረትና እህል ያመዛዝናል፤ እህል ሲያልቅ ሠራዊት ይራባል። ይህ ከሐሙራቢ ብዙ አልራቀም። በ2010 መጨረሻ ፌስቡክ ላይ የወጣው «ሲቲቪል» ግን በጥቂት ሳምንታት 100 ሚሊዮን ወርሃዊ ተጫዋች ሲያገኝ፣ የሚመዛዘነው ነገር ተቀይሮ ነበር። እዚያ የሚያጥረው ጉልበትና ጊዜ ነበር፤ ቆይተህ ተመለስ ይልህ ነበር፤ መቆየት ካልፈለግህ ክፈል። እጥረቱን የፈጠረው ሻጩ ራሱ ነው። ለልጆች እንዲህ ያለውን መስጠት አልወድም።

ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። በ2008 ጥር (እ.ኤ.አ.) የ«ሲምሲቲ» የመጀመሪያ ኮድ «ማይክሮፖሊስ» በሚል ስም ለሕዝብ ተለቀቀ፤ የታሰበው ለድሃ አገር ልጆች ለተሠራው ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፕ ነበር። ያ ላፕቶፕ በሺዎች ተቆጥሮ ወደ እኛ ትምህርት ቤቶችም መጥቷል። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ዛሬ ብራውዘር ላይ የሚሠራ ቅጂ አለው፤ ፖሊስ ጣቢያው ወንጀልን ለምን እንደሚቀንስ የፈለገ ገብቶ ያነባል። ሐሙራቢማ ከዚያም ይቀላል። ከመቶ ጥቂት የሚያልፍ መስመር ነው፤ የቤዚክ ሀሁ ያወቀ ልጅ በአንድ ከሰዓት ያነበዋል።

አነበብነው። ልጅቷ አይጡ የት እንዳለ አገኘች፤ የሚበላው በዕጣ እንደሆነ ስታይ ተናደደች። ቸነፈሩንም አገኘችው። ከዚያ ኮዱን ገለበጥንና የእናቴን ወሎ ልናስገባበት ሞከርን። 100ውን ሰው ለሁለት ከፈልነው፤ 40ው ባለመሬት፣ 60ው በቀን ሥራ የሚያድር። ባለመሬቱ ከምርቱ ይበላል፤ የቀን ሠራተኛው በደመወዙ ከገበያ ይገዛል። ምርት ሲያንስ ባለመሬቱ የሚቀጥረው ሰው ይቀንሳል። የጻፍነው ነገር ሸካራ ነው፣ ቁጥሮቹም ከራሳችን ያወጣናቸው ናቸው፤ ከእውነተኛው ዓመት ጋር አይመሳከሩም።

ልጅቷ አስነሣችው። በሦስተኛው ዓመት ምርቱ በኤከር 2 ቡሽል ሆነ። ሪፖርቱ ወጣ። ጎተራ ውስጥ 1900 ቡሽል። በረሃብ የሞቱ 31።

«ተበላሽቷል» አለች። «ጋሼ፣ እይ፣ እህል አለ እኮ።»

ወደ ኮዱ ተመልሳ ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር ስሕተቱን ፍለጋ ገባች። አንድ ጊዜ ወረደች፤ እንደገና ከላይ ጀመረች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች፤ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ቁጥሮቹን ግን ታውቃቸዋለች።

«የቀን ሥራው ስንት ነው የሚከፍለው?» አለች።

ልጅቷ መስመሩን ፈለገችና በጣቷ አሳየቻት።